ሙሉው ፍሬና ጭማቂው፤ የትኛው ለሰውነት ይበልጣል?



በዚህ ወር የምናቀርብላችሁ ትምህርት ከራሳችን ጓሮ የሚጀምር ነው። ነገሩም እንዲህ ነው። በአንድ የገበያ ቀን፣ በሊሙ ገነት ከተማ፣ አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጅዋን አዝላ ወደ እኔ መጣች። «ልጄ እህል አልቀምስ አለ፤ ሆዱ ይደርቃል፤ የፊት ጥርሶቹም ጠቆሩ» ስትል ነገረችኝ። ምን ምን እንደሚመገብ ብጠይቃት፣ «እርስዎ ያዘዙትን ነው እንጂ ምን እሰጠዋለሁ» አለችኝ። እኔም ደንግጬ፣ «እኔ ምን አዝዣለሁ?» አልኋት። «ዓምና ሰብስበው ሲያስተምሩን፣ ለልጆቻችሁ የፍሬ ጭማቂ ስጡ ብለውን አልነበረም? እኔም በሳምንት ሁለት ጊዜ የጓሮዬን ዘይቱን በቅርጫት ለገበያ አወጣለሁ፤ በዋጋውም የታሸገ ጁስ እየገዛሁ ጧትና ማታ አጠጣዋለሁ» ብላ መለሰችልኝ። ዘይቱኑን ራሱን ለልጁ ለምን እንዳልሰጠችው ስጠይቃት ደግሞ፣ «ዘይቱንማ ልጆች ከዛፍ ሥር ለቅመው የሚበሉት ተራ ነገር ነው፤ የታሸገው ግን የሠለጠነ ሰው የሚጠጣው ነው ብዬ ነው» አለች።

ይህች ሴት ሰነፍ እናት አይደለችም። የሰማችውን ትምህርት ከልብዋ አምና፣ ካላት ላይ ቀንሳ የፈጸመች ትጉህ እናት ናት። ጥፋቱ የእርስዋ ሳይሆን የአስተማሪዋ፣ ማለት የእኔ ነው። እኔ በውጭ አገር በተማርሁበት ዘመን በየቁርሱ ገበታ ላይ አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ሲቀርብ እያየሁ፣ ፍሬና ጭማቂ አንድ ነገር እንደሆኑ አድርጌ ይዤው ኖሬአለሁ። ስመለስም ያንኑ ሳልመረምር አስተማርሁ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለማረሚያ ጻፍሁት። መምህራንም በየክፍላችሁ እንድታስተምሩት በትሕትና እለምናችኋለሁ።

በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የምግብ መጠን ቁጥሮቹም የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ለሕዝብ ከሚያቀርበው የምግብ ሰንጠረዥ የተወሰዱ ናቸው።

1ኛ፤ ፍሬ በውስጡ ምን ይዞአል?

ለሊሙና ለአጋሮ፣ ለጎማና ለጌራ ሰው የፍሬን አሠራር ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ቀይ እሸት ቡና በእጃችሁ ያዙ። ከላይ ቀዩ ልጣጭ አለ። ከሥሩ ልጆች የሚመጡት ጣፋጭና የሚያሙለጨልጭ ሥጋ ይገኛል። ከዚያም ደረቁ ቅርፊት፣ በመጨረሻም ፊት ለፊት የገጠሙት ሁለቱ ፍሬዎች ይገኛሉ። ቡናው በመፈልፈያ ውስጥ ሲያልፍ ልጣጩና ሥጋው በአንድ ወገን ይጣላል፤ ፍሬው በሌላ ወገን ይወጣል።

ብርቱካንም፣ ማንጎም፣ ዘይቱንም በዚሁ ዓይነት የተሠሩ ናቸው። የፍሬው ሥጋ ዓይን በማያያቸው ትናንሽ ሕዋሳት የተሞላ ነው። በእያንዳንዱም ሕዋስ ውስጥ ውሃ፣ ስኳር፣ ቪታሚንና ማዕድን አለ። ይህን ሁሉ አጥሮ የያዘው የሕዋሱ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳውም የተሠራው አሰር ከሚባለው ነገር ነው። አሰር በሆዳችን ውስጥ እንደ ሌላው ምግብ የማይፈጭ የተክል ክፍል ነው። የማይፈጭ መሆኑ ግን ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ምግቡ በአንጀት ውስጥ በዝግታ እንዲጓዝ፣ ስኳሩም ቀስ በቀስ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል። ዐይነ ምድርን ያለሰልሳል፤ በትልቁ አንጀት ለሚኖሩት ጠቃሚ ተሕዋስያንም ቀለብ ይሆናል።

ጭማቂ ስንጨምቅ የምናደርገው የቡና መፈልፈያ የሚያደርገውን ነው፤ አንዱን ወስደን ሌላውን እንጥላለን። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ቡና ፈልፋዩ የሚፈልገው ፍሬውን መሆኑንና የጣለው ገለፈት መሆኑን ያውቃል፤ ጭማቂ ጨማቂው ግን ምን እንደ ጣለ አያውቅም።

2ኛ፤ ቁጥሩ ምን ይላል?

አንድ መካከለኛ ብርቱካን፣ ተልጦ 130 ግራም ያህል የሚመዝነው፣ 62 ካሎሪ፣ 12 ግራም ስኳር፣ 3 ግራም አሰርና 70 ሚሊ ግራም ቪታሚን ሲ ይዞአል። አንድ ብርጭቆ፣ ማለት ሩብ ሊትር ያህል፣ ስኳር ያልተጨመረበት የብርቱካን ጭማቂ ደግሞ 112 ካሎሪ፣ 21 ግራም ስኳር፣ 124 ሚሊ ግራም ቪታሚን ሲ ሲኖረው፣ አሰሩ ግን ግማሽ ግራም ብቻ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን እናመዛዝን። ጭማቂው በቪታሚን ሲ አይታማም፤ ይህን መካድ እውነትን መካድ ነው። ነገር ግን በብርጭቆው ውስጥ ያለው ስኳር አምስት የሻይ ማንኪያ ይሞላል፤ ያንን ስኳር የሚገታው አሰር ግን ከሞላ ጎደል ጠፍቶአል። አንድ ሰው ሦስት ብርቱካን ልጦ በተከታታይ መብላት ይከብደዋል፤ ከሦስት ብርቱካን የወጣውን ጭማቂ ግን ቆሞ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል። የነገሩ ቍልፍ ይህ ነው።

ይህንን በሙከራ ያረጋገጡ ሊቃውንት አሉ። በ1977 በእንግሊዝ አገር ዐሥር ጤነኛ ሰዎች ፖም የተባለውን ፍሬ በሦስት መልክ እንዲመገቡ ተደረገ። በአንዱ ቀን ሙሉውን፣ በሌላው ቀን ተፈጭቶ የላመውን፣ በሦስተኛው ቀን ጭማቂውን ብቻ ወሰዱ። በሦስቱም ጊዜ የወሰዱት ስኳር መጠኑ እኩል ነበረ። ጭማቂው ከሙሉው ፍሬ በዐሥራ አንድ እጥፍ ፈጥኖ አለቀ። የአወሳሰዱ ፍጥነት እኩል እንዲሆን በተደረገ ጊዜ እንኳ፣ ጭማቂው ከላመው ያነሰ፣ የላመውም ከሙሉው ያነሰ የመጥገብ ስሜት ሰጠ። በደም ውስጥ ያለው ስኳር በሦስቱም እኩል ወደ ላይ ወጣ። ከጭማቂው በኋላ ግን ያ ስኳር ተመልሶ በኀይል አሽቆለቆለ፤ ከሙሉው ፍሬ በኋላ ይህ አልታየም። ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊንም ከጭማቂውና ከላመው በኋላ ይበልጥ ከፍ አለ። ጭማቂ የጠጣ ልጅ ወዲያው ጠግቦ፣ ጥቂት ቆይቶ የሚነጫነጭበት ምክንያት ከዚህ ሊሆን ይችላል።

በአፍሪካችንም ይህን ነገር ካስተዋሉት ሰዎች አንዱ ዴኒስ በርኪት የተባለው የአየርላንድ ተወላጅ ሐኪም ነበር። ከ1946 እስከ 1964 በኡጋንዳ ሲሠራ፣ በአውሮፓ የበዙት አንዳንድ የአንጀት ሕመሞች አሰር የበዛበትን ምግብ በሚመገበው የገጠር ሕዝብ ዘንድ እምብዛም እንዳልነበሩ ተመልክቶ፣ በኋላ አሰር ለጤና ስለሚሰጠው ጥቅም ለዓለም ብዙ ጽፎአል። የአባቶቻችን ገበታ ተራ መስሎ ሲታየን የነበረው ሀብት እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን።

3ኛ፤ ስለ ስኳርና ስለ ስኳር በሽታ

የዓለም ጤና ድርጅት በ1 ቀን ውስጥ ከምናገኘው ኀይል ነጻ ስኳር ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን በ2015 መክሮአል። ነጻ ስኳር ማለት በሻይና በኬክ ላይ የምንጨምረው ብቻ አይደለም፤ በማርና በፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያለውም በዚሁ ይቈጠራል። በሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለው ግን ከአሰሩ ጋር ታስሮ ስለሚገኝ አይቈጠርም። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 10 በመቶው 50 ግራም ስኳር ነው፤ 5 በመቶው 25 ግራም ነው። እንግዲህ አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ፣ ስኳር ሳይጨመርበት፣ የዝቅተኛውን ልክ አብዛኛውን ክፍል ይወስዳል ማለት ነው።

በ2013 ደግሞ የአሜሪካ ሊቃውንት 187,382 የጤና ባለሙያዎችን ለብዙ ዓመታት ተከታትለው ያገኙትን አሳትመዋል። ሙሉ ፍሬን፣ በተለይ ወይንን፣ ፖምንና ብሉቤሪ የሚባለውን የእንጆሪ መሰል ፍሬ አዘውትረው የሚበሉ ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ጭማቂን አዘውትረው የሚጠጡት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚጠጣውን ጭማቂ በሙሉ ፍሬ መለወጥ ከ7 በመቶ ያነሰ አደጋ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለው ጥናት ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸውን ያሳያል እንጂ፣ ብቻውን ምክንያቱን አያረጋግጥም። ነገር ግን ከላይ ከተነገረው ሙከራ ጋር ሲደመር ምስክርነቱ የሚናቅ አይደለም።

የስኳር ሕመምተኞች አንድ ነገር ለይተው ይወቁ። በኢንሱሊን የሚታከም ሰው ስኳሩ ከመጠን በላይ ወርዶ ላብ ላብ ሲለው፣ ሲንቀጠቀጥና ራሱን ሲስት ሊል፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ፈጥኖ መስጠት ሕይወት ያድናል። በዚያን ጊዜ የጭማቂው ፍጥነት ጥፋት ሳይሆን መድኀኒት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ነገር ማፍሰስ አይገባም፤ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል።

4ኛ፤ ለጭማቂም ፍርድ እንስጥ

ጭማቂን ፈጽሞ እንዳንኰንን የሚከለክሉን ነገሮች አሉ። በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ የባሕር ኀይል ሐኪም፣ ድዳቸው የሚደማና ጉልበታቸው የሚዝል ዐሥራ ሁለት ሕመምተኛ መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ለየልዩ መድኀኒት መደባቸው። በየቀኑ ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድመው ዳኑ። በሽታው ስከርቪ ይባላል፤ መንሥኤውም የቪታሚን ሲ እጦት ነው። ከ1795 ጀምሮ የእንግሊዝ ባሕር ኀይል የሎሚ ጭማቂ ለመርከበኞቹ ማደል ጀመረ፤ ብዙ ሰዎችም ከሞት ተረፉ። ይህ የጭማቂ ክብር ነው።

ከዚሁ ታሪክ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ እናገኛለን። ሊንድ ጭማቂው በመርከብ ላይ እንዳይበላሽ በእሳት አክፍሎ እንደ ማር እስኪወፍር ድረስ ማቆየትን መክሮ ነበር። በእሳትና በጊዜ ብዛት ግን ዋናው ቪታሚን ይጠፋ ነበር። ያን ቪታሚን አልበርት ሴንት ጆርጂ የተባለው የሃንጋሪ ሊቅ ለይቶ ያገኘው ገና በ1928 ነው። ዛሬም ጭማቂን ማፍላትና ከፍቶ ማሳደር ቪታሚን ሲን ያጐድላል። ጭማቂ የሚጠጣ ሰው እንደ ተጨመቀ ይጠጣው።

የላመ ፍሬም የራሱ በጎ ነገር አለው። በማንጎና በፓፓያ ውስጥ ያለው ቢጫ ቀለም በሰውነታችን ወደ ቪታሚን ኤ ይለወጣል፤ ይህም ቪታሚን ለዓይን ብርሃን ይጠቅማል። ፍሬው ሲላም የሕዋሱ ግድግዳ ስለሚሰበር፣ ቀለሙ ከሙሉው ይልቅ በቀላሉ ይወሰዳል። ቅባትም አብሮት ሲኖር የበለጠ ይዋሃዳል፤ በ2005 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አቮካዶ ከአትክልት ጋር ሲበላ የዚህ ቀለም ወደ ሰውነት መግባት በብዙ እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቶአል። ስለዚህ በጅማ ጁስ ቤቶች አቮካዶና ማንጎ ተደራርበው በማንኪያ የሚበሉበት ስፕሪስ፣ ስኳር ካልተጨመረበት፣ ከሳይንስ ጋር የሚስማማ ጥበብ ነው። ጥርስ ለሌለው ሽማግሌና ማኘክ ለተሳነው ሕመምተኛም የላመ ፍሬ መልካም ምግብ ነው።

5ኛ፤ ጁስ ሁሉ አንድ አይደለም

በኛ አገር «ጁስ» በሚለው አንድ ቃል ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ይጠራሉ፤ ብዙ ስሕተትም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

አንደኛው ተፈጭቶ የላመው ነው። የማንጎ፣ የአቮካዶ፣ የፓፓያ ሥጋ በመፍጫ ይላማል። አሰሩ ተቈራርጦ ይደቅቃል እንጂ አይጣልም። ስለዚህ ከሙሉው ፍሬ ቢያንስም ከጭማቂ ይሻላል። በፍጥነት የሚጠጣ መሆኑና ስኳር ወይም ሽሮፕ የሚጨመርበት መሆኑ ግን ጥቅሙን ይቀንሰዋል። ሩብ ኪሎ የማንጎ ሥጋ በራሱ 34 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ስንጨምርበት 46 ግራም ይሆናል። የእንግሊዝ አገር የጤና ባለሥልጣኖች የላመ ፍሬንም ከነጻ ስኳር ቈጥረው፣ ጭማቂና የላመ ፍሬ በጠቅላላው በቀን ከ150 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይመክራሉ።

ሁለተኛው ተጨምቆ የተጠለለው ነው፤ የብርቱካን፣ የሎሚና የአናናስ ጭማቂ ከዚህ ይመደባል። ቪታሚኑ አለ፤ አሰሩ የለም።

ሦስተኛው የታሸገው ነው። በዚህ ላይ ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል። በዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ መሠረት «ጁስ» የሚባለው ሙሉ በሙሉ ፍሬ የሆነው ሲሆን፣ «ነክታር» የሚባለው ግን ውሃ የተጨመረበት፣ አብዛኛውን ጊዜም ስኳር ያለበት ነው። የፍሬው ድርሻ ለማንጎ ቢያንስ 25 በመቶ፣ ለብርቱካን ቢያንስ 50 በመቶ እንዲሆን ደንቡ ያዝዛል። «የፍሬ መጠጥ» ወይም «የፍሬ ጣዕም ያለው» የሚለው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ፍሬ ሊኖረው ይችላል። መምህራን ሆይ፤ ተማሪዎቻችሁ ባዶ ጠርሙስ እንዲያመጡ አድርጉና በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ዝርዝር ያንብቡ። በዝርዝሩ ላይ ቀድሞ የሚጻፈው በብዛት የገባው ነው። ውሃና ስኳር ከፍሬው በፊት ተጽፈው ከተገኙ፣ የገዛነው ባለቀለም ስኳር ውሃ ነው።

6ኛ፤ በአጥራችን ላይ ያለው ሀብት

ከሁሉ የሚያሳዝነው ያቺ እናት ለገበያ ያወጣችው ዘይቱን ከገዛችው መጠጥ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ መሆኑ ነው። 100 ግራም ዘይቱን 228 ሚሊ ግራም ቪታሚን ሲ አለው፤ ይህም ከብርቱካን ከአራት እጥፍ በላይ ነው። አሰሩም 5.4 ግራም ነው። አንዲት ትንሽ ዘይቱን 55 ግራም ብትመዝን 125 ሚሊ ግራም ያህል ቪታሚን ሲ ትሰጣለች፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ዐዋቂ በቀን የሚመክረው 45 ሚሊ ግራም ነው። እንግዲህ አንዲት ዘይቱን ለቀኑ ተርፋ ትበቃለች።

በየአጥሩና በየጫካው ዳር የሚበቅሉት እንጆሪ፣ አጋምና ኮሽም ደግሞ ከነልጣጫቸው የሚበሉ፣ እንጆሪውም ከነዘሩ የሚዋጥ ናቸው። የኛ እንጆሪ ዘመድ የሆነው የፈረንጅ እንጆሪ በ100 ግራም 6.5 ግራም አሰር አለው። ይህ አሰር በአብዛኛው ያለው በትናንሾቹ ዘሮች ውስጥ ነው፤ ተጨምቆ የተጠለለ እንደሆነ ከወንፊቱ ላይ ቀርቶ ይጣላል። እንዲህ ያለውን ፍሬ መጭመቅ እህሉን ጥሎ ጆንያውን እንደ መሸከም ነው። አጋምና ኮሽም ግን ያልበሰሉትን መብላት አይገባም፤ ልጆችም የማያውቁትን የዱር ፍሬ እንዳይቀምሱ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ለቡና አገር ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክር አለ። የደም ማነስ በእናቶችና በሕፃናት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የታወቀ ነው። በጤፍና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ቪታሚን ሲ አብሮት ሲበላ ግን መግባቱ ይጨምራል። ስለዚህ ፍሬ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ መብላት ብልህነት ነው። ቡና ግን ተቃራኒውን ይሠራል፤ በ1983 በታተመ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የብረትን መግባት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሶ ተገኝቶአል። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ጉዳት አላሳየም፤ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን ከምግብ ጋር እንደ ተጠጣው ቀነሰ። ቡናችንን እንተው አንልም፤ ይህን ማን ይሰማናል! ነገር ግን ነፍሰ ጡር እናትና የደም ማነስ ያለባት ሴት ቡናዋን ከምግብ ቀደም ብላ፣ ወይም ከምግብ ርቃ ብትጠጣ ይበጃታል።

7ኛ፤ ንጽሕና

ሙሉ ፍሬ በልጣጩ ተሸፍኖ ተፈጥሮ የዘጋችው ዕቃ ነው። ጭማቂ ግን በብዙ እጅ ያልፋል፤ በቢላው፣ በመፍጫው፣ በውሃው፣ በበረዶው፣ በብርጭቆው። በጅማ ከተማ ካፌዎችና ምግብ ቤቶች በሚሸጠው የፍሬ ጭማቂ ላይ ተደርጎ በ2008 የታተመ ጥናት፣ ጭማቂዎቹ በተሕዋስያን የተበከሉ ሆነው እንደ ተገኙ ገልጾአል። መድኀኒቱ ቀላል ነው። ፍሬውን ከመላጥ በፊት በንጹሕ ውሃ ማጠብ፤ እጅን በሳሙና መታጠብ፤ መፍጫውን ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ ፈትቶ ማጠብ፤ የሚጨመረው ውሃና በረዶ የፈላ ወይም የታከመ መሆኑን ማረጋገጥ፤ የተረፈውን አለማሳደር።

8ኛ፤ ለማን ምን ያህል?

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2017 ያወጣው ምክር ለቤት የሚሆን ግልጽ መለኪያ ይሰጠናል። ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ጭማቂ ፈጽሞ አይሰጥም። ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለው ልጅ፣ የግድ ከተሰጠ፣ በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ከ4 እስከ 6 ዓመት ላለው ከ120 እስከ 180 ሚሊ ሊትር ነው። ከ7 ዓመት በላይ ላለው ከ240 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ይህ የመጨረሻው ልክ ነው እንጂ መድረስ የሚገባው ግብ አይደለም። ጭማቂ በጡጦ አይሰጥም፤ ልጅም ይዞት አይተኛም፤ ስኳሩና ኮምጣጣው ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱን ይበላዋልና። ለዐዋቂ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም ፍሬና አትክልት እንዲበላ ይመክራል።

ተቅማጥ ለያዘው ልጅ በታሸገ ጣፋጭ መጠጥ መታመን አይገባም። ስኳር የበዛበት መጠጥ ውሃን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ሊያብሰው ይችላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ መድኀኒቱ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነው።

9ኛ፤ መደምደሚያ

ያቺን እናት «ዘይቱኑን ከመሸጥሽ በፊት ለልጅሽ የሚበቃውን አስቀሪ፤ ዘሩ ከጎረበጠው ሥጋውን በማንኪያ እየፋቅሽ አብዪው፤ ሲጠማው ንጹሕ ውሃ ስጪው፤ የታሸገውን ተዪው» አልኋት። እርስዋም ጥቂት ዝም ብላ፣ «ታዲያ ዓምና ለምን እንዲህ አላሉንም?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም፤ «ተሳስቼ ነበር» አልኋት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ልጁን ይዛ ስትመለስ፣ ከገንፎው ጋር እየታገለ እንደሚበላና ሆዱም እንደ ለሰለሰ ነገረችኝ። የጠቆሩት ጥርሶች ግን እንደ ጠቆሩ ናቸው፤ በተሳሳተ ምክር የጠፋ ነገር ሁሉ ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ የምናስተምር ሰዎች ቃላችንን መዝነን እንናገር።

የትምህርቱ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። የሚታኘከውን አኝኩ፤ ማኘክ ላልቻለው አልሙለት፤ ጭማቂን በትንሹና ትኩስ እንደ ተጨመቀ ጠጡ፤ ለጥማት ውሃ ይበቃል።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች፤

1. ብርቱካን ሲጨመቅ የሚጐድለው ምንድን ነው? የማይጐድለውስ?
2. ሦስቱን የጁስ ዓይነቶች ዘርዝርና በመንደርህ ከየትኛው ይበልጥ እንደሚጠጣ ተናገር።
3. በአንድ ጠርሙስ ላይ በ100 ሚሊ ሊትር 11 ግራም ስኳር አለ ተብሎ ቢጻፍ፣ በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ስንት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ? አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ይይዛል።
4. ጭማቂ መድኀኒት የሚሆንበት ጊዜ መቼ ነው?
5. በቤትህ አጥር ዙሪያ የሚገኙትን የሚበሉ ፍሬዎች ከወላጆችህ ጠይቀህ ጻፍ።